አጎቴን የነፈግነው የጠዋት ፀሐይ

አባቴና ታላቅ ወንድሙ የአባታቸውን ርስት የተካፈሉት በገመድ ነው። ዳባት አጠገብ፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የሚገኝ የገብስ ማሳ ነበር። ሽማግሎች ገመድ ዘርግተው እኩል ለኩ፣ ዕጣ ተጣለ፤ ምሥራቁ ለአባቴ፣ ምዕራቡ ለአጎቴ ደረሰ። ማንም ቅር አላለውም። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ አባቴ ድንበሩ ላይ፣ በራሱ በኩል፣ አንድ ረድፍ ባህር ዛፍ ተከለ።

ጎንደር ከተማ ያስተማሩኝ እነዚያ ዛፎች ናቸው ማለት ይቻላል። በየዓመቱ ጥቂቱ ይቆረጥና አጣናው በማኪና ወደ ከተማ ይወርዳል፤ የቤት ኪራዬም፣ ደብተሬም፣ ጫማዬም ከዚያ ነበር። ጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ረድፉ ሳስቶ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ሴት ልጅ አስተምሮ ምን ሊሆን ነው እያለ በአባቴ ይስቅ ነበር። እሱ ግን ከቁብ አልቆጠራቸውም፤ ፊደል ስለማይለይ የደረሰውን ደብዳቤ ሁሉ እኔ እንዳነብለት ለክረምት ያቆይልኝ ነበር።

አጎቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፣ ልጅም አልነበረውም። መስከረም ላይ ወደ ከተማ ልመለስ ስነሣ የባቄላ እሸት በነጠላው ቋጥሮ ያመጣልኛል፤ ሌላ ንግግር የለውም።

ዛፎቹ ከፍ ባሉ ቁጥር የእሱ ገብስ እየሰለለ ሄደ። አገዳው ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፤ ራሱ ግን ፍሬ አይሞላም። የእኛ ሲደርስ የእሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ የኅዳር ውርጭ ይቀድመዋል። ዛፎቹ እንዲቆረጡለት ደጋግሞ ለመነ። አባቴ እንቢ ያለው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። «ጥላው ጠዋት ወደ ወንድሜ ይወድቃል፣ ከሰዓት ወደ እኔ፤ ስለዚህ እንደ መሬቱ ሁሉ ጥላውንም እኩል ተካፍለናል» ይል ነበር። ይህን ከልቡ ያምንበታል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ህንዳዊው የሳይንስ መምህራችን ከቀሃ ወንዝ የውሃ ሣር አስመጣና ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከትቶ መስኮቱ ላይ አኖረው። ፀሐይ ስታርፍበት ከሣሩ ጥቃቅን አረፋ ይወጣ ጀመር። ተክሉ ምግቡን ሲሠራ የሚያወጣው አየር ነው፣ ቁጠሩ አለን። ደመና ሲጋርደው አረፋው ዘገየ፤ በጨርቅ ስንሸፍነው ጭራሽ ቆመ። ቀዝቃዛ ውሃ ስንጨምርበትም እንዲሁ ዘገመ። መምህሩ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ውሃና አየር ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈና፣ አንዱ ከጎደለ ሌላው ቢትረፈረፍም አይረዳም አለን።

እኔ ግን ልቤ ዳባት ሄዶ ነበር። በእኛ አገር ክረምት ሰማዩ የሚጠራው ጠዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ ይደፈናል፣ ይዘንባል። ገብሱ ምግቡን የሚሠራው በዚያች የጠዋት ፀሐይ ነው፤ የእኛ ዛፎች ከአጎቴ የሚወስዱትም እሷኑ ነው። ለእኛ የሚደርሰን ጥላ ደመና በዋለበት ሰዓት ስለሚመጣ ያጎደለብን ነገር የለም። የአባቴ ስሌት ስህተት መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያው ክረምት አጎቴ ነገሩን ለሽማግሌ አመጣው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ማሳው ዳር ተቀመጡ። ክርክሩ ሲረዝም አባቴ ኮራ ብሎ የተማረች ልጅ አለችኝ፣ እሷ ትፍረድ አለ። ሽማግሎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሸጋ ነው» አለ አጎቴ። «እሷ ያለችውን እቀበላለሁ።»

ቀና ብዬ ዛፎቹን አየሁ። ከተቆረጡ ጎንደር መመለሴ ቀረ፣ ከርሞ ይድሩኛል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

«ጥላው እኩል ነው» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

አጎቴ ጋቢውን አራግፎ ተነሣ፣ ሽማግሎቹን አመስግኖ ሄደ። መስከረም ላይ እሸቱን እንደ ወትሮው ቋጥሮ አመጣልኝ። መንገድ ላይ አንዷንም መብላት አቃተኝ፤ ማኪናው ውስጥ ላገኘኋት ሴትዮ ሰጠኋት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ገብሱ አልያዘለትም። በሦስተኛው የሰሊጥ ሥራ አለ ሲባል ሰምቶ ወደ ሰቲት በረሃ ወረደ። የደጋ ሰው ነበር፤ ወር ሳይሞላው የወባ ንዳድ ገደለው። እዚያው መቀበሩን የነገረን አብሮት የሄደ የአገራችን ሰው ነው።

አባቴ ለአርባው ተዝካር ማገዶ ይሁን ብሎ ዛፎቹን በሙሉ ጣላቸው። በቀጣዩ ክረምት ከጉቶው ያቆጠቆጠውን መልምሎ፣ የወንድሙን መሬት ራሱ አርሶ ዘራው። መስከረም ላይ አብረን ማሳውን ልናይ ወጣን። ገብሱ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጉቶዎቹ ሥር ያለው እንኳ ራሱ ከብዶ ጎንበስ ብሏል። አባቴ ብዙ ቆሞ አየው።

«ጥላው ነበር ለካ» አለ።

ዓይኔን ወደ ጉቶዎቹ መለስኩ። ይኸው ነገረው መሰለኝ፣ ዞሮ ፊቴን አየ።

«ታውቂ ነበር?»

አዎ አልኩት።

«ምነው ታዲያ?»

ትምህርቴ እንዳይቀር ፈርቼ ነው አልኩት። አንዱ ጉቶ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«በሬዬንም ቢሆን ሸጬ አስተምርሽ ነበር» አለ። «ዛፉን ያኔውኑ እቆርጠው ነበር።»

ከዚያ በኋላ አልተቆጣኝም፣ ለሰውም አልተናገረብኝም። ትምህርቴን አስጨረሰኝ። እስኪሞት ድረስ ግን ደብዳቤም ሆነ የመንግሥት ወረቀት ሲደርሰው፣ እኔ እቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ዲያቆኑ ዘንድ ሄዶ ያስነብብ ነበር።