የዘለልኩት ሰላምታ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሐያት፣ እናቷ ከጅዳ የላከችውን መልእክት ስልኳ ላይ ታነብ ነበር። ዓይኔ ስለደከመ ደቃቅ ጽሑፍ አላይም፤ እሷ ናት የምታነብልኝ። ጣቷን ወደ ላይ ስታንሸራትት ቆየችና ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ምን አለች?" አልኳት።

"ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል ብላለች።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ ስታዪ የቆየሽው ይህንኑ ነው?"

"ሌላው ሰላምታ ነው፣ እምዬ።"

ልቆጣት አልችልም። ይህንኑ ቃል እኔም በእሷ ዕድሜ ተናግሬ የወንድሜን ትዳር ላበላሽ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ያን ጊዜ ከመካነ ሰላም ወጣ ባለች መንደር እንኖር ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ደርሻለሁ። አባቴና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ቁርኣን ቀርተዋል፣ የዐረብኛውን ፊደል ያነባሉ፤ የአማርኛ ደብዳቤ ሲመጣ ግን የማነበው እኔ ነበርኩ። የአማርኛ አስተማሪያችን ረጅም ጽሑፍ ይሰጡንና "ፍሬ ነገሩን በሁለት መስመር አውጡ" ይሉን ነበር። በዚህ የሚስተካከለኝ ተማሪ አልነበረም። ነገር የሚያረዝም ሰው ስሰማ በልቤ መቁረጥ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በመንደራችን ደግሞ ነገር የማያረዝም አልነበረም።

ሰይድ ከላላ በምትባለው ከተማ ገበያ ያያትን ዘሃራን ወዶ ነበር። እሱ ወድጃለሁ አላለም። ብቻ የምንሸጠው ነገር ሳይኖር ወደ ከላላ መውጣት አበዛ፤ እናቴም ገባት። በግንቦት ሽማግሌዎች በበቅሎ ሄደው ለመኑ። የልጅቷ አባት አያ ይመር "እንመካከርና እንልክባችኋለን" ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ወንዞቹ ሞሉ፣ መልሱም ቀረ።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ጎደል ባለ ቀን፣ አንድ ነጋዴ ከላላ ላይ የተጻፈ የአያ ይመርን ደብዳቤ ይዞ መጣ። እናቴ አራስ ልትጠይቅ ሌላ መንደር ሄዳ ነበር። አባቴ ደብዳቤውን ሰጠኝና መደብ ላይ ተቀመጠ። ሰይድ ከጤፍ አረም እንደመጣ፣ ጭቃው ከእግሩ ሳይለቅ በሩ ላይ ቆመ።

ወረቀቱ በሁለት ገጽ ጢም ብሎ ተጽፏል። እንደምን ከረማችሁ፣ ከብቱ እንዴት ከረመ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ለእገሌ ሰላም፣ ለእገሊት ሰላም ይላል። በዓይኔ እየዘለልኩ ወረድኩና ከታች አካባቢ ፍሬ ነገሩን አገኘሁት። "ስለላካችሁብን ጉዳይ፣ ልጅቷ ገና ናት፤ ትምህርቷንም አልጨረሰችም፤ አላህ ያለው ይሆናል።"

"እምቢ ብለዋል" አልኩ።

"ይኸው ነው?" አለ አባቴ።

"ሌላው ሰላምታ ነው።"

አባቴ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። ሰይድ ወደ አረሙ ተመለሰ። ማታ ባቄላ ንፍሮ ቀርቦለት አንዲት ፍሬ በጣቱ እያሽከረከረ ቆይቶ ሳይበላት ተነሣ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሁለቱን ገጽ በሁለት ቃል በማውጣቴ ትንሽ ኮርቼ ነበር።

አባቴ ነገር የሚያሳድር ሰው አልነበረም። ወደ አቀስታ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ሌላ ጨዋ ቤት፣ ሌላ ልጅ ሰዎች ጠቁመውት ስለነበር፣ በነጋታው ማለዳ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ወጣ። ሽማግሌ አንድ ቤት ገብቶ ልጅ ከለመነ በኋላ "ትተነዋል" አይባልም። ያ ቤት ተዋረደ ማለት ነው።

እነሱ ከወጡ በኋላ እናቴ ከአራስ ጥየቃው ተመለሰች። የሆነውን ነገርኳት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለችና "አንብቢልኝ" አለችኝ።

"ነገርኩሽ እኮ፣ እማ፤ ፍሬ ነገሩ..."

"ፍሬውን ሰማሁ። እስቲ ገለባውን አንብቢልኝ።"

እያጉረመረምኩ ከላይ ጀመርኩ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ አራስ አነበብኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል መጣ። "ለልጃችን ለሰይድ ብዙ ሰላም ብለናል። በግንቦት ስትመጡ ያነከሰችው በቅሎ እግሯ ተሻላት ወይ? ካልተሻላት እስከ በጋ ሥራ አታብዙባት፤ ከእኛ እስከ እናንተ መንገዱ ሩቅ ነው።"

"ያ ረቢ!" ብላ እናቴ አፏን ያዘች። "ድገሚው!"

ደገምኩት።

"ልጁን የከለከለ ሰው የእኛ በቅሎ አነከሰች አላነከሰች ምን ገዶት! በበጋ በቅሎዋ ከከላላ ማንን ጭና ልትመጣ ነው? ሽንብራ?"

"ታዲያ ልጅቷ ገና ናት ይላል እኮ!"

"እንዴት አይል? ገና በአንድ ልመና 'እንካችሁ፣ ውሰዱልኝ' ብሎ ልጁን የሚያወጣ አባት የት አይተሻል? ያ ለክብሩ ነው። 'ልጃችን ለሰይድ' ሲልስ አልሰማሽም? ዘጠነኛ ክፍል ደርሰሽ በቅሎ ማንበብ አቃተሽ!" ሳቋም ቁጣዋም እኩል መጣ። ከዚያ ሳቁን ትታ በሩን አሳየችኝ። "ሩጪ! ደጃፉን ሳይረግጡ ድረሺባቸው!"

ሮጥኩ። ጉም መሬት ላይ ተኝቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከግራና ከቀኝ እርጥብ ገብስ ይሸታል። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። እነሱ ከወጡ ቆይተዋል፤ በልኩ ቢሄዱ ኖሮ አልደርስባቸውም ነበር። ግን አረም የምታርም ሴት ስጠይቃት "አሁን አሁን ነው ያለፉት፤ እዚችው ቆመን ስናወጋ ነበር" አለችኝ። ቀጥሎ ያገኘሁት ገበሬም ስለ ወንዙ ሙላት ሲያወጉት መቆየታቸውን ነገረኝ። እኔ በሁለት ቃል የምጨርሰውን ሰላምታ እነሱ በየማሳው ዳር ሲያዳርሱት ነበር። ያን ቀን ብቻ ረጅም ሰላምታን አመሰገንኩ።

የደረስኩባቸው ከአንድ አጥር ደጃፍ ቆመው ከአንድ ሽበታም ሽማግሌ ጋር ሰላም ሲባባሉ ነው። ሰውየው የዚያችኛዋ ልጅ አጎት ናቸው፤ ቤቷም ከኋላቸው ይታያል። እንግዲህ በእሳቸው ፊት "ከላላ እሺ ብለዋል፣ ተመለሱ" አይባል ነገር! አባቴ በጭቃ ተለውሼ ሲያየኝ ደነገጠ።

"ምን ሆነሽ ነው፣ ፋጤ? ቤት ደህና?"

ትንፋሼን ሰበሰብኩ። "ደህና ነው። እማ ናት የላከችኝ። የከላላው ደብዳቤ ሰላምታው ላይ 'በቅሎዋ እግሯ ተሻላት ወይ? መንገዱ ሩቅ ነውና እስከ በጋ ትረፍ' ይላል፤ ንገሪው አለችኝ።"

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው አያ አሊ ሳል ያዛቸው። ሳል እንዳልሆነ ከትከሻቸው ያስታውቅ ነበር።

"እኛስ..." አለ አባቴ ወደ ሰውየው ዞሮ፣ "እኛስ እንዲያው የዘር ባቄላ ከተገኘ ብለን ነበር።"

በነሐሴ የዘር ባቄላ የሚፈልግ ገበሬ የለም። ሰውየው ሦስቱን ሰዎች፣ ንጹሕ ጋቢያቸውን፣ ቀጥሎም የእኔን እግር አዩ።

"ባቄላስ ዘንድሮ የለንም" አሉ ረጋ ብለው። "ዱቄት እንኳ ጠፍቷል። በሰላም ግቡ። ለበቅሎዋም አላህ ዓፊያውን ይስጣት።"

የመጀመሪያው ኮረብታ እስኪሰውረን ቀና ሳንል ሄድን። ከዚያ አያ አሊ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አባቴ ግን "ዘጠነኛ ክፍል!" አለኝ እንጂ ሌላ አልጨመረም። ቤት ስንደርስ ሰይድ ነገሩን ከእናቴ ሰምቶ፣ በዚያ ጉም በቅሎዋን ሳር ያበላ ነበር።

ወንዞቹ ሲጎድሉ ሽማግሌዎች እንደገና ከላላ ሄደው ለመኑ፤ በጥር ዘሃራ በዚያችው በቅሎ መጣች። ልጆች ከወለደች በኋላ አንድ ቀን ምስር ስንለቅም፣ ደብዳቤውን እንዴት አድርጌ እንዳነበብኩ ነገርኳት። መልቀሟን ሳታቆም "የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ" አለችኝ። "አባቴ 'ልጅቷ ገና ናት፤ አላህ ያለው ይሆናል' በይ ብሎኝ 'ሰላምታውን እንደ ወጉ ሙዪው' አለና ከብት ሊመልስ ወጣ። በቅሎዋ ስታነክስ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻት ነበር።"

አያ ይመር በዚያ ደብዳቤ በእርግጥ እሺ ብለው ነበር ወይስ አላሉም? እስከ ዛሬ አላውቅም። ለእናቴም አልነገርኳት፤ በቅሎ ማንበቧን በመንደሩ ሁሉ አውርታ ነበርና።

ዘሃራ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ሰይድ ማሻ ከተማ ልጁ ዘንድ ነው፤ በየጁምዓው ይደውልልኛል። ብቸኝነት ተሰማኝ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ሰላምታው ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየረዘመ ሄዷል። ጉልበትሽ እንዴት ነው ይላል፤ ልጆቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ዝናቡ፣ የጓሮው ጎመን ይላል። አንድ በአንድ እመልስለታለሁ። የሚጠይቀው ሲያልቅበት "ዶሮዎቹስ?" ይለኛል።

ዶሮ ማርባት ከተውኩ ስንት ዘመኔ ነው።

"ደህና ናቸው" እለዋለሁ። "እንቁላል ይጥላሉ።"