ሽንኩርቱ የኔ ነው

እኔ በምሠራበት የአዳማ ፀጉር ቤት፣ ካስክ የምንለው ፀጉር ማድረቂያ ውስጥ የገባች ሴት ምስጢር የላትም። ማሽኑ ጆሮዋ ላይ ስለሚጮህ እሷም ትጮሃለች፤ ሹክ ያለች እየመሰላት የባሏን ገመና መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ታደርጋለች። እኔ ደግሞ አፌን የማልከፍት ሰው ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን አቀብላለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ቤት ስገባ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

ከሰማሁት ሁሉ የወደድኩት እትዬ የምንላቸውን የመቂዋን ነጋዴ ታሪክ ነው። በልጅነታቸው ለማይፈልጉት ሰው ሊድሯቸው ሲሉ፣ በሠርጋቸው ጠዋት ቬሏቸውን እንደለበሱ ጭነት መኪና ላይ ተሸሽገው ሞጆ ወረዱ። ይህንኑ የፊልም ድርሰት አድርጌ ሦስት ደብተር ሞላሁ።

አንድ ቀን ሶደሬ ፊልም የሚቀርጽ ዳይሬክተር፣ ፍል ውሃው ፀጉሯን ያበላሸባትን ተዋናይ ይዞ ሳሎናችን መጣ። የሳሎኑ ባለቤት፣ እንድታነብ ገልብጬ የሰጠኋትን ደብተሮቼን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው።

«ይቺ ልጅ አትናገርም እንጂ ትጽፋለች» አለችው።

«አነበዋለሁ» ብሎ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ድምፁም አልተሰማ።

በዓመቱ ሳሎን ውስጥ አዲስ ተከታታይ ድራማ እያየን፣ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ብቅ አለች። የሙሽራው ሽማግሌዎች መኪናውን አስቁመው ሲፈትሹ ጆንያው ተቀደደ፤ ሽንኩርቱን ሲረግጡት ሁሉም አለቀሱ፤ መንገደኛውም ለቅሶ መስሎት «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አላቸው።

ከሳሎኑ ባለቤት እጅ ማበጠሪያው ወደቀ። «ያንቺ ነው አይደል?»

አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። እሷ ግን በመነቅነቅ የምትተው ሴት አይደለችም፤ ጠበቃ ዘንድ ወሰደችኝ። ጠበቃው ቤቴ የቀረውን ስርዝ ድልዝ የበዛበትን ረቂቄን ተቀብሎ ዳይሬክተሩን ቢሮው ጠራው። ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ መጣ።

«እህቴ፣ ደብተርሽን አልገለጥኩትም» አለኝ። «ይሄ መቂ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው። የሕዝብ ወሬ ባለቤት የለውም።»

ጠበቃው፣ ሕጉ የሚጠብቀው ወሬውን ሳይሆን አንቺ የጻፍሽበትን መንገድ ነው ብሎ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ያን ታሪክ ካጣሁ ሌላ ምንም የኔ የምለው ነገር አልነበረኝም።

በዚህ መሃል የሳሎኑ ባለቤት በምስክርነት የጠራቻቸው እትዬ ገቡ። ታሪካቸውን መጻፌን የሰሙት ገና በዚያ ጠዋት ነው።

«እኔን ማን አስፈቀደ?» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሁለታችሁም ሌቦች ናችሁ። እሷ ከኔ፣ አንተ ከሷ።»

ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። «ይኸው፣ ታሪኩ የእሳቸው ነው።»

«ቆይ እስቲ ልጄ። ሽንኩርቱን ከየት አመጣኸው?»

«ከ... ከመቂ ነዋ።»

«እኔ የተሸሸግኩት ቲማቲም ላይ ነው። መቂም የሚያውቀው ቲማቲም ነው። በነጭ ቀሚስ ቲማቲም ላይ ተቀምጬ ሞጆ ስወርድ ከኋላዬ ምን እንደምመስል አስበው። ሾፌሩ ‹ሙሽራውን ማን ቀደመው?› ነው ያለኝ።»

ጠበቃው ረቂቄን ገለጠ። «እዚህ ጋ ‹ቲማቲም› ብለሽ ሰርዘሽ፣ ከላዩ ‹ሽንኩርት› ብለሻል። ለምንድን ነው?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ፊቴ የእትዬን ቀሚስ መሰለ።

«ቀዩን መጻፍ አፍሬ» አልኩ። «ሽንኩርቱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። እትዬ ያለ ሽንኩርት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ዳይሬክተሩ ሰረቅኩ አላለም፤ «ምናልባት ገለጥ ገለጥ አድርጌው ይሆናል» ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ግን በየክፍሉ መጨረሻ፣ ድርሰት ከሚለው ሥር ስሜ አለ። ሞልቶ እንደሚሄድ ሚኒባስ ሽው ብሎ ያልፋል። እትዬ በየሳምንቱ ካስክ ውስጥ ሆነው ይጮሃሉ።

«አለፈች?»

«አለፈች» ትላለች የሳሎኑ ባለቤት።

«የኔስ ስም?»

«የእርስዎ የለም።»

«ሌቦች» ይላሉ።

አሁን በያዝኩት ደብተር ላይ ቲማቲሙን መልሼዋለሁ፣ ከነቀዩ። እትዬንም በደንብ አስፈቅጄያቸዋለሁ። ቀጭን አድርጊኝ ብለዋል።