ለልምምድ የሞትኩ ቀን

ወንድሜ በሞተ በዓመቱ ሰቆጣ ወደምማርበት ትምህርት ቤት የአደጋ ጊዜ እርዳታ ሥልጠና መጣ። ከየክፍሉ ተማሪ ተመረጠ። እኔም ተመረጥኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ወንድሜ የሞተው ከእህል መኪና ላይ ወድቆ ነው። የደረሱለት ሰዎች ክንድና እግሩን ይዘው አነሱት። ደግ ሰዎች ናቸው። አሠልጣኙ አንድ ቀን፣ "ከከፍታ የወደቀን ሰው በክንድና በእግሩ አታንሱ፤ ጀርባውን የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ" አለ። ከዚያ "ጥያቄ ያለው?" አለ። አልነበረኝም።

በመጨረሻ ልምምድ ሆነ። ግንብ ተደረመሰ ተባለ። ቀላል ቁስለኛ፣ ከባድ ቁስለኛ፣ ሟች ተብሎ ዕጣ ወጣ። ሟች ደረሰኝ።

"ታድለህ! ምንም አትሠራም" አለኝ አንዱ።

እውነቱን ነው። እጄ ላይ ጥቁር ጨርቅ አሰሩልኝ፤ እንዳልወድቅ ከቃሬዛው ጋር በፋሻ ጠፈሩኝ። አሠልጣኙ፣ "ሆስፒታል እስክንደርስ ልምምዱ አይቋረጥም። ሟች አይናገርም" አለ።

ያልታሰበው የገበያ ቀን መሆኑ ነው። በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ቆሞ አያይም፤ ይሸከማል። ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ትከሻውን ከሰጠ በኋላ ነው። ገበያተኛው ተማሪዎቹን እየገፋ ገባ። "ወዲያ በሉ እናንተ ልጆች!" ከፍ አልኩ፤ ፈጠንኩ። አሠልጣኙ የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ጥሩ ነው ሲል ሰማሁ።

"ኧረ ይሄ የጎረቤቴ ልጅ ነው!" አለ አንድ ድምፅ። አወቅኩት። አገራችን ጋዝጊብላ ውስጥ ከእናቴ ቤት አጥር ለአጥር የሚኖር ሰው ነው። "ሞቷል?"

"አዎ አያ፣ እሱ ሟች ነው" አለ የክፍሌ ልጅ። ሥልጠናውን በደንብ ተከታትሏል።

"አምና ታላቁን፣ ዘንድሮ ታናሹን! ለዚያች ሴት ምን ተብሎ ይነገራል?"

አንዲት ሴት ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጣለች።

"አልሞትኩም!" አልኩ። ለቅሶው በርትቶ ስለነበር የሰማኝ አሠልጣኙ ብቻ ነው።

"ሟች አይናገርም" አለ።

ሆስፒታል በር ላይ ፈትተውኝ ስነሣ ሴትየዋ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። ጎረቤታችን ግን የለም። ወደ መንደር ተመልሷል።

እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። የሰማ ሰው ለቄሱና ለሽማግሌዎች ይናገራል፤ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ። የወንድሜንም የነገሩን እንዲያ ነው። ስለዚህ እስከ ጎሕ ጊዜ ነበረኝ። መንደሩ ስልክ የለውም፤ መኪናም አላገኘሁም። በእግሬ ሄድኩ። ለእናቴ የቀረኋት እኔ ብቻ ነኝ። ያንን ቃል አንድ ጊዜ ከሰማች በኋላ በሕይወት ብደርስ ምን እንደሚጠቅማት አላውቅም ነበር።

ስደርስ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ደጁ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው "እንደምን አደራችሁ" አልኩ። ቄሱ አማተቡ።

"ሰቆጣ ላይ ተሸክሜሃለሁ እኮ!" አለ ጎረቤታችን፣ ተቆጥቶ።

"ለልምምድ ነው፣ አያ።"

"ለልምምድ ይሞታል?"

በሩ ተከፈተ። እናቴ ሽማግሌዎቹን አየች። የተዘቀዘቀውን ጋቢ አየች። እኔን ቄሱ ጋርደውኝ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ቄሱን አልፌ ቀረብኳት። "እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

ፊቴን ዳሰሰችው። ክንዴን ያዘች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ታዲያ ማን ነው የሞተው?" አለች።

"ማንም አልሞተም፣ ልጄ" አሉ ቄሱ።

"አንድ ልጄ ሞቷል" አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋቢያቸውን እንዳዘቀዘቁ አንድ በአንድ ገብተው ተቀመጡ። መጀመሪያ ማልቀስ የጀመረው ጎረቤታችን ነው። አምና ዐይኔ አልረጠበም ነበር፤ ያን ጠዋት ግን ከእነሱ ጋር ለወንድሜ አለቀስኩ።