ትንፋሹን የቆረጡበት ዲስክ

የልጅ ልጄ ሳክስፎን የነፋበትን ዲስክ መጀመሪያ የሰማሁት ጊቫት ኦልጋ በሚባለው ሰፈር፣ ከሴት ልጄ ቤት ነው። ማጫወቻው ሕጻናት እንዳይነካኩት ማቀዝቀዣው አናት ላይ ይቀመጣል። ልጄ ዲስኩን ልታስገባ ስትል እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ኦሪት የምትገልጥ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ሳክስፎኑ ተለቀቀ። ተለቀቀ ነው የምለው፣ የተቀደደ ጆንያ ጤፉን እንደሚለቀው። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እዚያው ይሽከረከራል፣ መልሶ ይወጣል። ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበርና ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። አንደኛዋ «ጣቱን እዩልኝ» ትላለች፣ ጣት በዲስክ የሚታይ ይመስል።

እኔም አዳመጥሁ። አንዱን ድምፅ ይዞ ሲቆይብኝ ተነሥቼ ውሃ ጠጥቼ ተመለስሁ፤ ስመለስም እዚያው ድምፅ ላይ ነው። ይህ ልጅ የት ላይ ነው የሚተነፍሰው ብዬ ብጠይቅ ሳቁብኝ።

እግሬ አንድ ቤት አይቆይም። ሳምንት ከሴት ልጄ፣ ሳምንት ቤት ኤሊዔዘር ከሚባለው ሰፈር ከወንዱ ልጄ፣ ሲሰለቸኝ ደግሞ ከእህቴ ልጅ ዘንድ፤ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ወጥቼ የት እንደምወርድ ሳላውቅ የምሄድበትም ቀን አለ። በዚያ ሰሞን የትም ብወርድ ዲስኩ ቀድሞኝ ይጠብቀኛል። ክሊኒክ ተቀምጬ አንዲት ጉልበቷን የምትታመም ሴት፣ እንዲህ ያለ ጣተ ፈጣን ልጅ በአገሩ አልታየም ብሎ ጋዜጣ ጽፏል አለችኝ። እሷም አታነብ፣ እኔም አላነብ። የጋዜጣውን ማን እንደ ነገራት እንጃ። ልጁ ሲጫወት ሰምተሽዋል ወይ ብላት አልሰማችም፤ ግን ፈጣን ነው። ፍጥነት እንዲህ የሚያስመሰግን ከሆነ፣ በአገራችን ጥንቸል ሹመት ባገኘች ነበር።

ኋላ ልጁ ራሱ ሊጠይቀኝ መጣ። ዕድሜው ሃያውን ዘለል ያለ፣ ረጅም፣ ጥቁር ሸሚዝ እስከ አንገቱ የቆለፈ ነው። ያችኑ ጥያቄዬን ጠየቅሁት።

«እማምዬ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ትንፋሹን ቆርጠው ያወጡታል» አለኝ። «እንደ ራዓሽ ነው የሚቆጥሩት፣ እንደ ሁካታ።»

«ያንተን ትንፋሽ?»

«የማንንም ይቆርጣሉ። እርስዎ ደግሞ ሌላው ሰው የማይሰማውን ነው የሚፈልጉት።»

ከዚያ ወዲያ ያንን ዲስክ ደግ አድርጌ አላየሁትም። ከበሬም ከሰውም የሚወጣውን ትንፋሽ ቆርጠው የጣሉበት ነገር ምኑ ይደመጣል? ሰው ሲናገር አረፍ ይላል። አረፍ ሲል ሰሚው «ይበል» ይላል፣ እልል የሚለውም እልል ይላል። ይህ ልጅ ግን ለሰሚ የምትሆን ቀዳዳ አላስቀረም። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ግቡ የሚል ሰው ነው።

ወንዱ ልጄ ቤት፣ ማለት ከልጁ ከገዛ አባቱ ቤት፣ ዲስኩ አልገባም። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ልጄ ይህን ልጅ በሱዳን በረሃ ትከሻው ላይ ተሸክሞት ነው የመጣ። እዚህ ከገባን በኋላ ልጁን እንደ ሌሎቹ ልጆች ፕኒሚያ ወሰዱት፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ነው፤ እዚያ አንድ አስተማሪ ያንን የተጠማዘዘ ብረት ሰጠው። ጨዋታ ነው ብለን ተውነው። ከሠራዊት ሲወጣ ግን አባቱ ያስመዘገበውን የቴክኒሻን ትምህርት ጥሎ ብረቱን ይዞ ቴል አቪቭ ገባ። ያን ጊዜ አባቱ፣ «አዝማሪ ልትሆን ነው ትከሻዬን ያላጥሁልህ?» አለው። ልጁም በዕብራይስጥ አንድ ነገር መለሰና ወጣ። ሁለት ፋሲካ አለፈ፣ ተለያይተው በሉ።

ልጄ አዝማሪ ሲል ስድብ መሆኑን ለማያውቅ ልንገር። የእሱ አክስት ስትዳር፣ ጎንደር፣ አዝማሪ ተጠርቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያጫውት ዋለና ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ ከዳሱ ውጭ፣ ከውሾቹ ወዲያ፣ የተረፈውን አቀረቡለት። ልጄ ያን ጊዜ ትንሽ ነው፤ አየ። ሲያየው ዋለ። የእሱ ልጅ ከዳስ ውጭ እንዲበላ አይፈልግም፣ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ግን በልቤ የምለው ሌላ ነበር፤ አዝማሪማ በሆነ! አዝማሪ ጆሮ አለው። ከሰዉ መካከል አንዱ «ተቀበል» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱም ያችኑ ግጥም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜማታል። የእኛ ፈጣን ከማን ተቀብሎ ያውቃል?

አንድ ቀን ልጁ ሐዴራ ሊጫወት ነው ተባለ፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ፣ በማትናሱ፣ በባህል አዳራሹ። ሁለት የመግቢያ ወረቀት በእኔ እጅ ላከ። አንዷ የማን እንደ ሆነች አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ለልጄ ወስጄ ብሰጠው አገላብጦ አየና መልሶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጣት።

«አደርስሻለሁ» አለኝ። «መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቅሻለሁ። ሰንበት ሳትገባ እንመለሳለን።»

ግትርነቱ ከአባቱ ወገን ነው፤ ከእኔ አይደለም።

ዓርብ ከፋብሪካው ልብሱን ሳይለውጥ መጣ። ጋን ሽሙኤል የሚባል ስፍራ፣ ጭማቂ ከሚጨመቅበት ነው የሚሠራው፤ ሰማያዊ የሥራ ልብሱ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ከባሕር ዛፎቹ ሥር መኪናውን አቆመና እኔን ወደ በሩ ላከኝ።

ከውስጥ አንድ ሰውዬ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ልጁ ተናገረ፣ ተናገረ። ስለ አፍሪካ አነሣ፣ ስለ ከበሮ አነሣ፣ ስለ ደም አነሣ። የልጅ ልጄ ከበሮ መትቶ አያውቅም። ከጎኔ የተቀመጠችው ፈረንጅ ገና ምንም ሳይጀመር ዐይኗን ጨፍናለች፤ ሲጀመር ደግሞ ጥርሷን እንዳመማት ሰው ራሷን ትወዘውዝ ገባች።

እውነት ለመናገር በዐይን ሲያዩት ከዲስኩ ይብሳል። በዲስኩ ትንፋሹን ሌሎች ቆረጡለት፤ እዚህ ራሱ ይቆርጠዋል። ጉንጩን እንደ አቁማዳ ይነፋና በአፍንጫው እየሳበ በአፉ ያወጣል፣ ድምፁ አይቋረጥም። ጣቱ አይታይም። ከታች አንሥቶ ወደ ላይ ሲያወጣው ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተላቀቀ፤ መልሶ ሲያወርደው ደግሞ አንዲት ድምፅ አልጎደለችበትም። ሰዉ መካከል ላይ ያጨበጭባል። ጎበዝ ነው፣ ጎበዝ አይደለም ያለ የለም። ግን ይህን ሁሉ ጉብዝና ለማን ነው የሚያሳየው? ዐይኑ እንደሆን ተጨፍኗል። ቤት ሲቃጠል እንኳ አያይ።

አዳራሹ ስለ ሞቀ የጎኑን በር ከፍተውታል። ዘወር ብል ልጄ እዚያ ቆሟል። አልገባም፣ መቃኑን ተደግፎ ነው፣ የመኪና ቁልፉን ይዞ። ሊጠራኝ መጥቶ እንደ ሆነ ወይ ሊሰማ፣ አላውቅም። ልጁን ያያል። ልጁ ዐይኑን ቢገልጥ ፊት ለፊት አባቱ ነው፤ ግን አይገልጥም። ፈጣኑ ዜማ አለቀ ስል ሌላ ፈጣን ይጀምራል። ልጄ ቁልፉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሰዓቱን አየ። ፀሐይ እንደሆነች አትጠብቅም። ይህ ሰው አሁን ከዚህች በር ከተመለሰ ሁለተኛ እንደማይመጣ እኔ እናቱ አውቀዋለሁ፤ አልመጣሁም ብሎ ይምላል፣ መሐላውንም ይጠብቃል።

ያን ጊዜ ከጎኑ ቆሞ ትልቅ ክራር መሳይ ደግፎ የሚያጅበው ልጅ ተራው ደርሶ ብቻውን መኮርኮር ጀመረ። የእኔው ብረቱን ከአፉ አውርዶ ከንፈሩን ጠረገ። ቀዳዳ ተገኘች። ተነሣሁ።

«ተቀበል!» አልሁ።

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዲት አስተናባሪ ልጅ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ስትሮጥ መጣች። ሕዝብ ዝም ብሎ በሚሰማበት ቤት ማንም ተነሥቶ ግጥም እንደማይሰጥ ማን ነግሮኝ? ዘፈን ያለበት ቦታ ሁሉ ሰርግ ቤት ነው እንጂ። ጀምሬዋለሁና ጨረስሁት፤ መካከል ላይም ሳል ያዘኝ።

«አረፍ በል ልጄ ሆይ፣ ምን ያስቸኩልሃል፣
አባትህ ከደጅ ላይ ቆሞ ይሰማሃል።»

ዐይኑን ገለጠ። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ በሩን። ባለ ክራር መሳዩም ምን ይሁን ብሎ እጁን አቆመ። ልጄ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ፊቱ ግን ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ፊት ሆነ። አስተናባሪዋ ክንዴን ይዛለች።

ከዚያ ልጁ ብረቱን አፉ ውስጥ አስገባና ግጥሟን ተቀበለ። ቃል የለውም፣ ግን አወራረዷ ራሷ ናት። «አረፍ በል» ላይ አረፈ። ሳሌን እንኳ አልተወም፣ እዚያችው ቦታ ላይ አስገባት። «አባትህ» የሚለው ላይ ሲደርስ ትንፋሹ አጠረውና ሳበ፤ በአፉ ሳበ፣ አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ደገማት። ሦስተኛ ሊል ሲነሣ ግን የለመደ ጣቱ አላስቻለውም፤ ዘነዘናት፣ ከመረባት፣ ወደ ጣራ ሰቀላት፤ የእኔ ግጥም መሆኗ ጠፋኝ። ሰዉ አበደ። የጎኔ ሴት ዐይኗን ገልጣ ተለማምዳችሁ ነው ወይ ስትለኝ «ኬን» አልኋት። አዎ ማለት ነው። ምን ልበላት?

ስንወጣ ልጄ መኪናው ዘንድ ነበር፣ ሞተሩን ሳያስነሣ። ልጁ የብረቱን ሣጥን ይዞ መጣና ራቅ ብሎ ቆመ። በእኛ ወግ ልጅ ነው ከአባቱ እጅ ሸክም የሚቀበል። ልጄ ሄደና እጁን ዘረጋ።

«አምጣው።»

«አባባ፣ ይከብዳል።»

«አንተን ተሸክሜ የለም?»

ሣጥኑን ወሰደው። የመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ብርቱካን ስለ ሞላው ወንበሩ ላይ፣ ከእኔ ጎን አስገባው። ልጁን ፊት አስቀመጠው፤ እኔ ከኋላ ከዚያ ብረት ጋር ተጣብቄ፣ እጀታው ጎኔን እየወጋኝ ሄድሁ። እናት በዚህ ተተካች። መንገድ ላይ ልጁ አንገቱን ዘወር አድርጎ እንዴት ነበር እማምዬ አለኝ። ያችን ሁለት መስመር ይዘህ ሌላውን ብትጥለው ይሻል ነበር አልሁት፤ የምሬን ነው፣ ዛሬም ሐሳቤ ያው ነው።

«ተይው» አለኝ ልጄ፣ መንገዱን እያየ። «ትንሽ ይረፍበት። በልቶ ይናገራል።»

ሰንበት ሳትገባ ደረስን። ልጁ ከአባቱ ሳህን በላ። እኔ ሰኞ ወደ ጊቫት ኦልጋ ሄድሁ፤ ሴት ልጄ ከማቀዝቀዣው አናት ላይ አሁንም ያንኑ ትንፋሽ አልባ ዲስክ ታስጮኸዋለች።