እናቴ ድሃ መሆኗ የጸደቀ ዕለት

እናቴ ድሃ መሆኗ ጸደቀ! ቀበሌው ደጅ ሲነገረኝ እየዘለልኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። ድሃ ነች ከተባለች የሴፍቲኔት እህል ታገኛለች፤ እህሉ ካለ ደግሞ እኔ በደላላ እጅ አዲስ አበባ ለሰው ቤት ሥራ አልላክም፣ መሐል ሜዳ ከተማ ትምህርቴን እቀጥላለሁ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ግን ተሳቀብን። በኛ ቀበሌ እህል ፈላጊው ድሃ በሕዝብ ፊት ይቆማል፣ ይግባ ወይ ይውጣ እያለ ጎረቤቱ እጅ ያወጣበታል። እናቴ ቡትቶ ለብሶ አደባባይ መቆም ነውር ነው ብላ የጎረቤታችንን የሱፍ ባና ተውሳ ሄደች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ከላይ እስከ ታች አያት። «እዩዋት እስቲ! ባና ደርባ ራበኝ ትላለች። ለአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ስንጠራሽ የት ነበርሽ?»

«ታምሜ ነበር ጌታዬ።»

«ለእህሉማ ድነሻል!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ባናውን ያዋሰቻት ጎረቤታችንም ሳቀች። «ትውጣ የምትሉ?» ሲባል እሷም እጇን አወጣች፤ ሰው በተቀነሰ ቁጥር የራሷ ቦታ ይጠናላታል። ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ዝም በይ! ያዋሰ ሰው በአደባባይ አይዋረድም።»

በማግስቱ ከወረዳ የመጣችው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤታችን ገባች። እናቴ ፊቷን ስታዞር እኔ የባናውን ነገር ዘረገፍኩላት። ባለሙያዋም ሊቀ መንበሩ የሚመራውን የቀበሌውን ኮሚቴ ሰብስባ ደጃችን ድረስ አመጣችው፤ ቤት ሳይገባ እጅ አይወጣም አለች።

ሊቀ መንበሩ ደሙ ፈላ። «አንቺ እርዳታሽን አከፋፍዪ! ፖለቲካው ውስጥ ምን አገባሽ?»

«እርስዎ እጅ እያስወጡ ማን በልቶ፣ ማን ጦሙን እንደሚያድር ሲወስኑ ፖለቲካ አይደለም?»

እየተነጫነጨ ጎንበስ ብሎ ገባ። የእህል ጎታችንን በዱላው መታ መታ አደረገው። ባዶነቱ ለሁሉም ተሰማ።

እናቴ ከእህል ተቀባዮቹ መዝገብ ገባች። ኮታው አይጨምርም ተባለና በእሷ ፈንታ ጎረቤታችን ወጣች። ለቅሶዋ ግድግዳ አልፎ ይሰማኛል፤ እኔ እንደሆነ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ምን ያስቅሻል?» አለች እናቴ። «የእሷስ ጎታ ምን አለበትና?»

ባለሙያዋን ወደ ቆላ ወረዳ አዛወሯት። ልትሄድ ስትል፣ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የጎረቤታችሁ ይግባኝ ይሰማል። እኔ የለሁም፤ ሰው ጥሪ» አለችኝ።

ይኸው ጠራሁ። ይህን የምታነቡ ሁሉ እሁድ ቀበሌው ደጅ ኑ። ስትመጡ ግን በጎረቤታችን ቤት በኩል እለፉ፤ ግቡና እዩ።