የማክሰኞ ዳዊት

መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። እስከ ወገብ ድረስ የሰው ጀርባ አለስልሶት ያብረቀርቅ ነበር። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴና እኔ እስራኤል ለመድረስ ወደ ሱዳን ስንሄድ መንገድ ላይ ተያዝንና "አገር ከጂዎች" ተብለን ጎንደር፣ እስር ቤት፣ ሴቶች ክፍል ገባን። በሩ ከኋላችን ሲዘጋ እናቴ አላለቀሰችም። ጥጉን መረጠች፣ በተረከዟ አፈሩ ላይ መስመር አሰመረች፣ "ከዚህ እንዳታልፊ" አለችኝ።

እኛ ቤተ እስራኤሎች ነን፤ ክርስቲያን መንካት፣ በእነሱ ዕቃ መጠጣት አይሆንልንም። መንደራችን ብንሆን ወንዝ አለ፣ ታጥበን እንገባለን። እዚያ ግን ለሁለታችን በቀን አንድ ጣሳ ውኃ ነው። ስለዚህ መስመር።

ከመስመሩ ማዶ አንዲት አሮጊት እናት ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ልጃቸው ከአማፅያን ጋር ጫካ ገብቶ፣ "የት እንዳለ ተናገሪ" ተብለው ነው የታሰሩት። መስመሩን አዩ፣ እኛን አዩ።

"አትንኩኝ ናችሁ አይደል?"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

"ደግ ነው፣ አልነካችሁም። የዚህን ቤት ቁንጫ ግን ምን እንደምታደርጉት እንጃ። እሱ ሃይማኖት አይለይም።"

ሳቅኩ። እናቴ ቆነጠጠችኝ።

ሴትዮዋ በግዕዝ ዳዊት ይደግማሉ። መጽሐፋቸውን ሲታሰሩ ወስደውባቸዋል፤ በቃላቸው ነው። ክርስቲያኖች ዳዊትን ለየቀኑ ከፍለውታል፤ የሰኞ አለ፣ የማክሰኞ አለ። በዚያ ክፍል ቀኑን የምናውቀው በእሳቸው ዳዊት ነበር። አንድ ቁጥር ይላሉ፣ ከዚያ ዝም። ዝምታው ሲረዝምብኝ ተኙ እንዴ ብዬ አያቸዋለሁ።

"እማማ፣ ለምን ያቆማሉ?" አልኳቸው አንድ ቀን፣ ከመስመሩ ወዲህ ሆኜ።

"ድሮማ አላቆምም ነበር። እያጣደፍኩ ጨርሼ ወደ ሥራዬ። እዚህ ምን ሥራ አለኝ? አንዱን እላለሁ፣ እስኪገባኝ እቀመጣለሁ። አንዳንዱ እስከ ምሳ አይገባኝም።"

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለምርመራ ወሰዷቸው። ሲመለሱ እግራቸው አብጦ ነበር። ግድግዳውን ተደግፈው የማክሰኞውን ጀመሩ። ዋላ ምንጭ የሚናፍቅበት መዝሙር ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያውን አሉና ዝም አሉ። እንደ ወትሮው ዝምታ አልነበረም። እንደገና ጀመሩ። እዚያው ቦታ ቆሙ።

"ጠፋብኝ" አሉ። "ከዋላው ቀጥሎ ያለው ጠፋብኝ። በዱላ አስረሱኝ መሰል።"

ከእኛ ሌላ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለት እስረኞች ግዕዝ አያውቁም።

"ነገም ይጠሩኛል። እነሱ ሲጠይቁኝ እኔ በልቤ ዳዊቴን እላለሁ፤ የያዘኝ እሱ ነበር። ባዶ አፌን ከሄድኩ ልጄ ያለበትን እናገራለሁ።"

እናቴ ከገባን ጀምሮ አንዲት ቃል ተናግራቸው አታውቅም። አባቷ የእኛ ቄስ ነበር፤ ከተወለደች ጀምሮ እሱ ሲደግም እየሰማች ነው ያደገችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና የሚቀጥለውን ቁጥር በግዕዝ አለችው፤ ድምጿ ወፍራም፣ የአያቴን የሚመስል።

ሴትዮዋ ቀና አሉ። "የእናንተም ነው?"

"የእኛም ነው።"

"እንግዲያው ቀስ በይ ልጄ። አትሩጪብኝ።"

አንዱን እናቴ፣ አንዱን እሳቸው፣ በመካከል ዝም እያሉ ቀጠሉ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትወርድ የማክሰኞው አላለቀም። መስመሩ ግን እንዳለ ነበር፤ ሁለቱም አላለፉትም።

በማግስቱ ጠባቂው በሩን ከፈተ። "አሮጊት፣ ተነሽ።"

"ቆይ ልጄ፣ ቁጥሩን ልጨርስ።"

የሚመታቸው መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት በሩን ተደግፎ ቆሟል። ቁጥሩን ጨረሱ፣ ከዚያ ዝም አሉ፤ እሱም ዝምታውን ጭምር ጠበቀ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ማንም ሳይደግፋቸው በዚያ ባበጠ እግር ወጡ።

ሲመልሷቸው በሁለት ሰው ተይዘው ነው። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። ማን ደፍሮ ይጠይቅ። በመጨረሻ እናቴ ጠየቀች፦

"እርስዎ ምን አሏቸው?"

"ለእነሱ ምንም። አፌ ሥራ ላይ ነበር።" ግድግዳውን ተደገፉ። "በይ፣ ያንቺ ተራ ነው።"

ከአራት ወር በኋላ እኛን ፈቱን። እሳቸውን እዚያው ትተናቸው ወጣን፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆኑ አላውቅም።

አሁን እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ ነን። እናቴ ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የመሥሪያ ቤቶች ሰፈር ወለል ታጸዳለች፣ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። ያንኑ መዝሙር በዕብራይስጥ አነበዋለሁ፤ ሳልደናቀፍ ማንበብ ስለቻልኩ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። መሃል ላይ ካቆምኩ ግን መምህሯ "ያላ፣ ቀጥይ" ትለኛለች። ምን እንደሚያስቸኩለን አልነገረችንም። እኔ ሳቆም ያልገባኝ ይመስላታል፤ የሚገባኝ ግን ሳቆም ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ በቃሏ ትደግም ነበር። አንድ ቁጥር አለች፣ ዝም አለች። ጠበቅኩ። አሁንም ዝም።

"እማዬ፣ ምነው ቆምሽ? ረሳሽው?"

"አልረሳሁም" አለች። "የእሳቸው ተራ ነው።"