ንጹህ ነው ያለው ቤት

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «ዓይናማው» ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን ከእኔ ሌላ የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ሥራው ከሰው ቤት እባብ ማውጣት ነው፤ ከጓዳ፣ ከጣሪያ፣ ከአልጋ ሥር። ሌላው ሰው እባብ ሲፈልግ ዕቃ ያተራምሳል። የእኔው ጉድ ግን በሩ ላይ ይንበረከክና፣ አገጩን ወለሉን ሊያስነካ ምንም ሳይቀረው፣ ዝም ብሎ ያያል። «እባቡን አትፈልጊው» ይለኛል። «እባብ ያልሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አይተሽ አሰናብቺ። አልሰናበት ያለሽ እሱ ነው።» ቤቱ ንጹህ ነው ብሎ ሲወስን ደግሞ ወለሉ ላይ በጀርባው ይጋደማል። ሰው የሚያምነው ያኔ ነው። እሱ ያልተጋደመበት ክፍል ውስጥ ልጁን የሚያስተኛ የለም።

በዚህ ሙያው እኔም ላይ ይቀልድብኛል። አጥራችን ላይ አንዲት እስስት አለች። ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ መሃል ለይቶ ያሳየኛል፤ እኔ ፈልጌ ሳጣት «ዓይንሽ ለጌጥ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ከአንዲት አራስ ቤት ተመለሰ። ልጅቷ በበሯ ሥር ጭራ ሲገባ አይታ ነው ያስጠራችው። ፈልጎ ቢያጣው በውሃ መውረጃው ቀዳዳ ወጥቷል ብሎ ደመደመ፤ እንደ ልማዱ ተጋደመና «ንጹህ ነው፣ ልጅሽን አስተኚ» ብሏት መጣ። እኔ አጥሩ ሥር ልብስ አሰጣለሁ። እሱ መጥቶ አጥሩን ተደገፈ፤ እስስቷ የአጥሩ ሽቦ ላይ፣ ክርኑ አጠገብ ተቀምጣለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜው አየኋት። ላሾፍበት ብዬ «የዛሬዋስ የት ናት?» አልኩት። ምንም ሳያቅማማ «ያቻትና፣ ቅርንጫፉ ላይ» አለኝ።

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። «ክርንህ ሥር ናት እኮ» አልኩት። ዞረና ቀጥ ብሎ አያት፤ ዓይኖቹ ግን የያዙት ነገር አልነበረም።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆነም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«አድርጎታል እኮ!» ብዬ ጮህኩበት።

ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻለም። ዳር ዳሩን ያያል፤ የሚያተኩርበት መሃሉ ግን ጭጋግ ሆኖበታል። ከክረምቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። ዓይናማው ታወረ እንዳይባል ብሎ እኔን ሚስቱን ሳይቀር ደብቆኛል። ደሜ ፈላ። የምናገረውን ሁሉ ልናገረው አፌን ስከፍት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ንዴቴ ጥሎኝ ጠፋ።

«የአራሷን ቤት በምንህ ነው ያየኸው?»

ፊቱ አመድ መሰለ።

የአራሷ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ሕፃኑ እንዳይነቃ ድምፁን አጥፍታው ይሆናል፤ ሌላውን ላስበው አልፈለግኩም። ታክሲ ውስጥ ባሌ የእባብ መያዣውንና ከረጢቱን ታቅፎ «ወጥቶ ይሆናል፣ ወጥቶ ይሆናል» ይላል። እኔ ሾፌሩን ፍጠንልኝ እያልኩ እለምናለሁ፤ ከሾፌሩ አልፌ ፈጣሪንም እለምናለሁ። አራሷ በሩን የከፈተችልን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነው።

«ቀስ በሉ እትዬ፣ ገና አሁን ነው የተኛው።»

ሕፃኑ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ባሌ የእናትየውን ክንድ ይዞ በሩ ላይ አቆማት። «አንድ እርምጃ እንዳትራመጂ። መጀመሪያ እሷ ትመልከት» አላት።

እኔ፣ ዓይኔ ለጌጥ የሆነው! ተንበርክኬ አገጬን ወለሉ ላይ አደረግኩ። ነጠላ ጫማ፤ አሰናበትኩት። የቻርጀር ገመድ፤ አሰናበትኩት። ከፍራሹ ጫፍ ተጣጥፎ የተቀመጠ ቡናማና ጥቁር መስመር ያለው ብርድ ልብስ፤ እሱንም አሰናበትኩት። ምንም የለም ልል ስል ዓይኔ ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሰ። መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ይታጠፋል። ያ የሚታጠፈው ይተነፍሳል። ከሕፃኑ እግር ስንዝር አይርቅም።

«አየሁት» አልኩ።

«የት?»

«እዚያ!»

«እዚያ የት ነው? ቀኝ ነው ግራ?»

ግራና ቀኜ ጠፋኝ። በጉልበታችን ጎን ለጎን ሄድን፤ የእጁን አንጓ ይዤ መያዣውን እኔው መራሁት። የእሱ እጅ ንቅንቅ አይልም። የመያዣው ጫፍ ከእባቡ አንገት ላይ ሲደርስ «አሁን!» አልኩት። ጨመቀው። እባቡ በኃይል ሲነፍስ ሰማነው። «እፉኝት ነው፣ ልጁን አውጪው!» ብሎ ጮኸ። እናትየው ዘላ ገብታ ልጇን ይዛ ወጣች፤ ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ከረጢቱን ከፈትኩለት፤ እባቡን ከተተው፣ እኔም አፉን አጥብቄ አሰርኩት።

ደጅ ላይ አራሷ የባሌን እጅ ይዛ አልለቅም አለች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ተመልሰው ባይመጡልኝ ኖሮ…» እያለች ታለቅሳለች። ዝም ቢል ኖሮ ተመሰጋግነን በሄድን ነበር።

«ልጄ፣ ቅድምም እዚሁ ነበረ» አላት። «አጠገቡ ተጋድሜ ነው ንጹህ ነው ያልኩሽ። ዓይኔ አያይም። ከእንግዲህ አትጥሪኝ።»

እጁን ለቀቀችው። ትሰድበዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበው ይሻለኝ ነበር። ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ «ታዲያ ማንን ልጥራ?» አለችው። በዚህ አካባቢ ከእሱ ሌላ እባብ የሚያወጣ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

«አሁንስ ንጹህ ነው?» አለችው ደግማ።

«አላውቅም ልጄ።»

ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ያያሉ አይደል እትዬ? ንጹህ ነው ይበሉኝ።»

ተመልሼ በሩ ላይ ተንበረከክኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ቅድም ያሰናበትኩት ገመድ ተጠማዘዘብኝ፣ ነጠላ ጫማው ተንቀሳቀሰብኝ፣ የመጋረጃው ጥላ ተነፈሰብኝ። አንዱንም ማሰናበት አቃተኝ። ልጅቷ ከጀርባዬ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። አዎ ብላት ያርፍላታል፤ እኔም ቤቴ እገባለሁ። ግን ያው ቃል ከባሌ አፍ ወጥቶ ሊያደርስ የነበረውን ገና አሁን አይቼ መነሳቴ ነው።

«አላውቅም» አልኳት።

ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ ለቅሶውን ጨርሶ ዓይኑን ከደነ። እሷ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ፣ ወደ ፍራሹ፣ አየችና ቀስ ብላ፦

«ታዲያ የት ላስተኛው?» አለች።